ከሞተሩ የመጣ ሙቀት
በደርግ ጊዜ እንጅባራ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ የመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ከውጭው ይብስ ይበርድ ነበር። አንድ ክረምት ሾፌራችን ከተጣለ የጭነት መኪና ትንሽ ራዲያተር ፈትቶ አመጣና ከእግራችን ሥር ገጠመው፤ የሞተሩን ፍል ውኃም በጎማ ቱቦ አዞረበት። ናፍጣ እንደ ልብ ስለማይገኝ ለመጠባበቂያ ምን እንያዝ ተባባልን። እኔ ቤንዚን አልሁ።

«ቤንዚን ይኼን የናፍጣ ሞተር ይገድለዋል» ብሎ ሾፌሩ ነጭ ጋዝና ጥቂት የሞተር ዘይት ጫነ።

ብዙም ሳይቆይ ጥሊሊ ላይ ያለጊዜዋ የወለደች እናትን ከነሕፃኗ ወደ ዳንግላ ጤና ጣቢያ ይዘን ወጣን። ሕፃኑ ከጭብጥ አይበልጥም፤ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል። መንገድ ላይ ናፍጣው ሊያልቅ ተቃረበ። ሾፌሩ ሙቀቱ እንዳይቋረጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ፣ ጋዙን ከዘይቱ ጋር ቀላቅሎ ሞላው። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ግን አልቆመም።

ወደ ዳንግላ ስንቃረብ የሕፃኑ ከንፈር ቀላ፤ ጮኾም አለቀሰ። እናቲቱ እጇን ወደ እግሯ ሥር ዘርግታ ሾፌሩን፣ «ወንድምዬ፣ ይኼ ሙቀት ከየት ነው የሚመጣው?» አለችው።

«ከሞተሩ ውኃ ነው፣ እቴ።»

ሕፃኑ ተረፈ። እኔ ራዲያተሩ ሲገጠም ቆሜ ያየሁት ሰውዬ፣ ያን ዕለት እንደ እሷው እጄን ወደ እግሬ ሥር ዘርግቼ ሙቀቱን ዳሰስሁት።