አባቴ እራትን ሲተነትኑ

«እራት» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ባልጠይቅም ከልጅነቴ ጀምሮ ትርጓሜው ሳይነገረኝ የበላሁት እራት የለም። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሌላው ሰው ማዕድ ሲቀርብ እጁን ታጥቦ ይቆርሳል፤ እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ያስተምራሉ። ቁርስ ከመቁረስ ነው፣ ምሳ ከግእዙ ምሳሕ ነው ብለው ሁለቱን በአጭሩ ያልፏቸዋል። እራት ላይ ሲደርሱ ግን ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ግእዝ ድራር ይለዋል፤ ታዲያ ድራር እራት እስኪሆን ድረስ ምን አገኘው? ያቺ መጀመሪያ ላይ ያለችው ፊደል የት ወደቀች? ማን ጣላት? ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፊደሏን ስንፈልግ እናመሻለን።

አንድ የቋንቋ መምህር ከማራኪ ሰፈር መጥተው ሁለቱ ቃላት ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው ገና አልተረጋገጠም ቢሏቸው፣ አባቴ በትዕግሥት አዳመጡ፤ እንግዳውንም እስከ በር ሸኙ። ሲመለሱ «ምስኪን፣ እናቱ እራት ሳታበላው አሳድጋው ነው» አሉኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ቀሐ ሰፈር ባለው ቤታችን የምንበላው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ አንድ የእንስሳት ሐኪም እወድ ነበር። እሱም ይወደኛል። ማክሰኝት ወርዶ የገበያውን በሬ ሲያክም ውሎ፣ ማታ እየደወለ የትኛው በሬ እንደረገጠው ይነግረኛል። ሽማግሌ ላክ አልኩት፤ ላከ። እኔ የመሰለኝ ነገሩ በዚህ የሚያልቅ ነበር።

አገሩ እንደሚያውቀው፣ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ሰጠናችሁ ከተባለ ተቀምጦ ይበላል፤ ካልተባለ እንደቆመ ተሰናብቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀረበለት የቀመሰ ሽማግሌ ልጅቱን ተቀብሏል ማለት ነው፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም ወደኋላ መመለስ የለም። አባቴ ደግሞ ቤቴ የገባ እንግዳ እራት ሳይበላ ቁም ነገር አይነገረውም ይላሉ። ይህን ሕግ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳመጡት አላውቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ሕግ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለቱንም ጊዜ «ብሉና እንነጋገር»፣ «እንነጋገርና እንበላለን» ሲባባሉ አምሽተው፣ ሁለቱም ወገን አሸናፊ ሆኖ ተለያየ። እነሱ ተርበው ማክሰኝት ገቡ፤ እኔና አባቴ የድግስ ያህል ሽሮ እያሞቅን ሰነበትን።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ረቡዕ ነው። መሪያቸው የሐኪሙ አጎት ናቸው፤ ማክሰኝት ላይ እህል ይነግዳሉ። ሁለተኛው አንድ ቄስ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የሰፈራችን ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ናቸው። ሐጂን የጨመሯቸው አባቴ እምቢ የማይሏቸው ሰው ስለሆኑ ነው። የጾም ቀን በመሆኑ የቀረበው ሽሮ ነበር፤ ሥጋ ስለሌለበት ሐጂም ቄሱም ከአንድ ትሪ መብላት ይችላሉ። ሽሮው ለመታረቅ ዝግጁ ነበር ማለት ይቻላል።

«ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቴ።

«ደህና ነን መሪጌታ። እንደቆምን ይሻለናል» አሉ አጎትየው።

«እራት ቀርቧል።»

«እራቱማ ሸጋ ነው። ጉዳያችን ይቅደምልን ብለን ነው።»

«የእራትን ነገር ካነሳችሁ አይቀር» አሉ አባቴ። ያነሱት እሳቸው ነበሩ።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ድራር መጣ፣ ፊደሏ ወደቀች፣ ፍለጋው ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። ቄሱ ሲጾሙ ነው የዋሉት፤ ዓይናቸው ከትሪው ላይ አይነሳም። ነገሩ ሊያልቅ ሲል ሐጂ ጨዋ ሰው ናቸውና ዝም ማለቱን ነውር አደረጉት። «እኛ እንኳ በረመዳን ማፍጠር ነው የምንለው። እሱስ ከምን ይሆን መሪጌታ?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ በክርናቸው ጎሸሟቸው፤ ግን ረፍዷል። አባቴ ፊታቸው በራ። «ግሩም ጥያቄ ነው» ብለው እንደ አዲስ ጀመሩ።

እኔ ጓዳ፣ መጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ድራር የምትባል ቃል ከነዘር ማንዘሯ ባትፈጠር ደስ ይለኝ ነበር። ፈርተው እንደሆነም አውቃለሁ። እኔ ከሄድኩ ፊት ለፊታቸው የሚቀመጥ ሰው የለም። ግን እንደ ሰው ፈራሁ ብለው አይናገሩም፤ በፍርሃት ፈንታ የግእዝ ግስ ያረባሉ። በዚህ አያያዛቸው ሽማግሌዎቹ አራተኛ ጊዜ እንደማይመጡ የአጎትየው ፊት ይናገራል። ሰው ሁለት ጊዜ የተከበረ ይመስለዋል፤ በሦስተኛው መናቁን ይረዳል።

የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። እኔ ወጣሁ። ማንንም ሳላይ ከትሪው ቆረስኩ፣ ሽሮ አጠቀስኩ፣ ጥሩ አድርጌ ጠቀለልኩ። አጎትየው «መሪጌታ፣ እንግዲህ እኛ» ብለው ለስንብት አፋቸውን ሲከፍቱ አጎረስኳቸው።

ጉርሻ አይመለስም፤ መትፋቱን ደግሞ በዚያ ዕድሜና በዚያ ክብር ማን ይሞክረዋል? አጎትየው አንድ ጊዜ አባቴን፣ አንድ ጊዜ እኔን እያዩ ማኘክ ጀመሩ። ወደ ሐጂ ዞርኩ። «ቢስሚላህ» ብለው ተቀበሉኝ። ቄሱ ጋ ሳልደርስ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ።

አጎትየው ዋጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በልተናል መሪጌታ። እግዜር ይስጥልን» አሉ፤ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ሌሎቹም ተቀመጡ።

አባቴ እኔን አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። የሚጠቅሱት ንባብ አላጡም ነበር፤ ስለ ሽማግሌ፣ ስለ ሴት ልጅ፣ ስለ ጉርሻ አንድ አንድ ንባብ አያጡም። እሳቸው ግን አንድም አልጠቀሱም።

«እኔስ ከማን ጋር ልበላ ነው?» አሉ።

በግእዝ አይደለም፣ በተራ አማርኛ ነው ያሉት። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበትም ያዘንኩበትም ሰዓት የለም፤ እጄ ላይ ገና ሽሮ አለ። አጎትየው ትሪውን ወደ አባቴ ሳቡት። «ልጅ ሰጡን እንጂ ቤት አልዘጉ መሪጌታ። ልጆቹ ማራኪ ቤት ይከራያሉ፤ ማራኪና ቀሐ ምን አላቸው፣ አንድ ባጃጅ አይደል?» አሏቸው። አባቴ ቆርሰው በሉ፤ የዚያን ዕለት ስለ ቃሉ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አሁን ማራኪ፣ ተከራይተን እንኖራለን። ባለቤቴ ያው በሬ ይረግጠዋል፤ የሚነግረኝ ግን ፊት ለፊት ሆኖ ነው። መሸት ሲል ለአባቴ እደውላለሁ።

«አባ፣ እራት በሉ?»

«በላሁ።»

እዚህ አገር «በላሁ» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰው ቤት የገባ ሰው አንጀቱ ታጥፎ እያለ መጀመሪያ የሚናገረው እሱን ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንደ ጨዋ ልጅ «እሰይ» ብዬ ስልኩን እዘጋ ነበር። አንድ ቀን ግን «ምን በሉ?» አልኳቸው። እንዲህ ላለ ጥያቄ አልተዘጋጁም መሰለኝ፣ ዝም አሉ። ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ወጡን ምሳ ዕቃ ውስጥ ገልብጠን ባጃጅ ያዝን። ስንደርስ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምነው መጣችሁ? በላሁ አልኩ እኮ» አሉንና ገብተው፣ ከሁላችንም ቀድመው ቆረሱ።