የመረቡ ሌባ ትኩሳት

ሞኝነቴን ከሰው ከምትሰማው ራሴ ልንገርህ። በአንዲት መርፌ ትኩሳት ልሞት ነው ብዬ፣ ጎረቤት አስጠርቼ የተናዘዝኩ ሰው ነኝ።

አሁንም የስፒሪት ሽታ ባፍንጫዬ ሲገባ ግራ ክንዴን ሞቅ ይለዋል። የኮሮና ክትባት የመጣ ጊዜ ነው፤ ጦርነቱ ገና ከሩቅ ነበር የሚወራው። ጠዋት ተወጋሁ፤ ወደ አስር ሰዓት ላይ ክንዴ ከበደኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። መግሪብ ሳይደርስ፣ አለቀልኝ አልኩ።

እኛ ዘንድ ሰው ሊሞት ሲል አፉ በሉኝ ብሎ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይሄድም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አብሮኝ ያደገውን ዓሣ አጥማጅ እጁን ያዝኩና፣ "አፉ በለኝ፤ ያኔ መረብህን ያራቆተው ጅን አይደለም፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

ጎረምሶች ሳለን ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ሐይቁ ላይ ጉሙ ሳይነሳ፣ ቀድሜው ገብቼ ቆሮሶ ዓሣውን ከመረቡ እለቅም ነበር። ጅን ነው ብዬ ያሳመንኩትም እኔው። ጅኑን ለማባረር ዶሮ ሲያርድ፣ ዶሮዋንም አብሬው በላሁ።

አየኝ አየኝና፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "አፉ ብያለሁ" አለኝ።

በማግስቱ ድኜ፣ እርቦኝ ተነሳሁ። መከራው ያኔ መጣ። ጓደኛዬ ሰላምታ ነሳኝ። እሱስ ይሁን፤ አስም አለበት፣ ክትባቱ ከማንም በላይ ለእሱ ነበር የሚያስፈልገው። ይሄን በሬ የሚያህል ሰው የጣለ መርፌ እኔንማ ይቀብረኛል ብሎ እምቢ ማለቱን ሰማሁ። በእኔ ጩኸት ሰው ሊሞት ነው።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን፣ በሽታ ካልሰጣችሁኝ ትኩሳቱ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቋ መጣ።

"ጋሼ፣ ለሰውነትዎ የሌባውን መልክ ብቻ ነው ያሳየነው። ዘበኞቹ ሌባ መጣ ብለው ተንጫጩ፤ ትኩሳቱ የእነሱ ጫጫታ ነው። ኋላ ይበተናሉ፤ ጥቂቶቹ ግን መልኩን ይዘው ይቀራሉ። ዋናው ሲመጣ ቶሎ ይነሱበታል።"

ትኩሳት ያልያዘውስ አልኳት። እሱም በዝምታ ይማራል አለችኝ። እስከ መቼ ያስታውሳሉ ስላት፣ እየቆየ ሊደበዝዝ ይችላል፣ የሚደገመውም ለዚያ ነው አለች።

ጓደኛዬን ሐይቁ ዳር መረብ ሲጠግን አገኘሁት፤ ጭቃና ዓሣ ይሸታል። ነርሷ ያለችኝን ነገርኩት፤ ቀና ሳይል ሰማኝ። "የሌባን ነገር ከእኔ በላይ ማን ይነግርሃል?" ስለው፣ ሳቁን ለመዋጥ ክሩን በጥርሱ ነከሰ። በማግስቱ ባንድ ባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። እጅጌውን ሲሰበስብ ዓይኑን ጨፈነ። ገላው ሞቅ እንኳን አላለም፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ፤ ተበታተንን። ስንመለስ ነርሷ የለችም፤ የት እንደገባች ዛሬም አላውቅም። የእሱም ጀልባ ተሰባብሮ አገኘነው። የቀረችን የእኔዋ ብቻ ነበረች።

በመጀመሪያው ጠዋት ጉሙ ውስጥ አብረን ቀዘፍን። ዘበኞችህ አሁንም ያስታውሱ ይሆን አልኩት፣ እንዲያው ለጨዋታ።

"እነሱ የበሽታውን መልክ ይያዙ" አለኝ። "የእኔው ሌባ መልክ ግን ጠፍቶብኛል። በል መረቡን ያዝ።"