በመጋረጃ ክር የታሰረው መስመር

መጋረጃ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ መጋረጃ» ይላታል። ስሙ ሲወጣላት ለቀልድ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን እሷም ለመደችው። የምትሠራው እዚያው የምትኖርበት ሳሎን ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው ማዶ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ከባድ ቁም ሣጥን። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ለሰው ቤት ሁሉ መጋረጃ የምትሰፋው ሴት የራሷ መስኮት ራቁቱን ነው። ለምን ሲሏት «ብርሃን የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ፊቱ ላይ ጨርቅ አልጥልበትም» ትላለች።

ባሏ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መሰላል ተሸክሞ ምሰሶ ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት አልጋ ያዘና ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ቤት ውስጥ ትቶላት የሄደው ጥቂት ነው፤ አንድ ጉጠት፣ አንድ የቆዳ ቀበቶ፣ ከደጁ አንስቶ እስከ ሳሎኑ ጥግ ድረስ በገዛ እጁ የዘረጋው የስልክ ሽቦ። ያን ሽቦ ሲዘረጋ ገና ከመጀመሩ ማያያዣው አለቀበት። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራውን ለነገ ያሳድረው ነበር። እሱ ግን ወደ ጠረጴዛዋ መጥቶ የክር ጥቅልሎቿን ሲበረብር ቆየና፣

«ያን የመጋረጃ ቀለበት የምታስሪበትን ቋጠሮ እስቲ አሳዪኝ» አላት።

አሳየችው። ክሩ ሁለቴ ይዞርና በመሃሉ ሾልኮ ይወጣል፤ በሳቡት ቁጥር ራሱን እያጠበቀ የሚሄድ ቋጠሮ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ እየተንፏቀቀ፣ ሽቦውን ከሚስማር ሚስማር በቀይ ክር እያሰረ ዋለ። ቀዩን የመረጠው ሌላ ክር ጠፍቶ አይደለም። «በቤት ውስጥ የሚያልፍ ሽቦ ማንም አያየውም፤ ይሄን ግን እኔና አንቺ እናየዋለን» ብሎ ነው።

ስልኩ ከተዘጋ ዓመታት አለፉ። ሽቦው ግን እንደ ድሮው ከደጅ ገብቶ፣ በቁም ሣጥኑ ጀርባ አልፎ ጥጉ ላይ ጫፉን ሰብስቦ ተቀምጧል።

ኢንተርኔት ይግባ ያለው ታናሽ ወንድሟ ነው። ታክሲ ይነዳል፤ ተሳፋሪ ሁሉ የሚያወራውን ስለሚሰማ ዓለምን ያወቀ ይመስለዋል። «እታለም፣ ሰው እኮ ዛሬ መጋረጃ የሚያዘው ፎቶ ልኮ ነው። ልብስ ሰፊ ቤት እንደሚሄድ ሰው ጨርቅ ይዞ ደጅሽን የሚያንኳኳልሽ የለም» እያለ ጨቀጨቃት። የኢንተርኔት ድርጅቱ ማስታወቂያ በወር ይህን ያህል ብቻ ይላል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ደስ አለቻትና እሺ አለች።

በቀጠሮው ቀን ቴክኒሻኑ መጣ። ፊቱ ገና ልጅ ነው። መሰላሉን ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሳያወርድ ቀጥ ብሎ ገባ፤ ጥጉ ላይ ተንበርክኮ የአሮጌውን ሽቦ ጫፍ ላጥ ላጥ አደረገና ከአንዲት ትንሽ ሣጥን ጋር አገናኘው። የሣጥኗ መብራቶች ብልጭ ብልጭ አሉ። ያቀረበችለት ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም።

«መስመሩ ንጹሕ ነው፤ አለቀ» አለ በእጁ የያዘውን ስልክ እየዘረጋላት። «እዚህ ጋ በጣትዎ ይፈርሙልኝ፣ እናቴ።»

ሳታነብ ፈረመች።

ይህ እንግዲህ የመስመር ሠራተኛ ሚስት ብቻ የምትሠራው ስሕተት ነው። ባሏ ማታ ጫማውን እያወለቀ የሚያማርረው ስለ ምሰሶው ከፍታ ወይም ስለ ዝናቡ አልነበረም። የሥራ ወረቀቱን ተቀብለው «እስቲ ትንሽ ቆይ፣ ላንብበው» እያሉ ደጅ ስለሚያቆሙት ሰዎች ነበር። ያልተፈረመ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠርበታል፤ ሲያነቡለት ደግሞ ይመሽበታል። «እኛ ቤት የመጣ ሠራተኛ ቆሞ አይጠብቅም» ተባለ፤ የቤቱ ሕግ ሆነ። ሰውዬው ሲሞት ሕጉ አልሞተም።

ወሩ ሲሞላ ሂሳብ መጣ። የወሩ ክፍያ እንደተባለው ነው። ከሥሩ ግን «የአዲስ መስመር ዝርጋታ» ይላል፤ ከሱም ሥር «የአገልግሎት ማስጀመሪያ»። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ሰፊ ሳሎን መጋረጃ ከነስፌቱ ያሠራሉ።

ወንድሟ አንብቦ በቁጣ ተነሳ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ሳታነቢ ፈረምሽ?»

«ልጁን ላቁመው ታዲያ?»

«ይቁማ! ደመወዝ የሚበላው ለምኑ ነው? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…»

«ተረቱን ተወውና ያችን መስመር ድገምልኝ።»

«የአዲስ መስመር ዝርጋታ።»

«ማን ነው የዘረጋው የሚለው?»

«ማን ይላል? ድርጅቱ ነዋ።»

እትዬ መጋረጃ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ገንዘቡ ማናደዱስ አልቀረም፤ የመጋረጃ ዋጋ ከሰማይ አይወርድም። ከገንዘቡ ይልቅ አንጀቷን የቆረጣት ግን ያች መስመር ናት። አንድ ሰው እዚች ወለል ላይ ጉልበቱ እስኪላጥ ተንፏቋል። ያን ቀን ያልነበሩ ሰዎች ዛሬ እኛ ዘረጋነው ይላሉ። ከፍላ ዝም ካለች እውነት ነው ብላ እንደ መመስከር ሊሆንባት ነው።

በማግስቱ ወንድሟን አስከትላ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደች። ወንበር ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፏል። ተራዋ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያገኘቻት ልጅ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል።

«እናቴ፣ ፊርማዎ እኮ አለ። አዲስ መስመር ተዘርግቶልኛል ብለው ፈርመዋል።»

«ፈርሜያለሁ ልጄ። የፈረምኩት ግን ልጁ እንዳይቆም ነው።»

«እንዳይቆም?»

«የመስመር ሠራተኞች መቆም አይወዱም፤ እግራቸው ሲዞር ውሎ የደከመ ነው።»

ልጅቷ ሳቋን በመሐረቧ ደበቀች። ከዚያ ውሉን አውጥታ አሳየቻት፤ ማስጀመሪያው ለሁሉም ደንበኛ ነው፤ እውነትም ተጽፏል፤ በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ የሚመስል ደቃቅ ጽሑፍ ነው። «ይሄኛው አይነሳም» አለች፤ «ለዝርጋታው ግን መላ አለኝ። አንዴ ሂሳቡ ስለተያዘ፣ በእርግጥ ለምን አንዘረጋልዎትም? የድሮውን ነቅለን አዲስ እናስገባለን። ይፈጥናል፤ ሌላም አይከፍሉም።» ከልቧ ነበር የተናገረችው።

«ወርቅ ሐሳብ!» አለ ወንድም። «ይንቀሉት፤ ገንዘባችንም ሜዳ ላይ አይቀርም።»

«አይነቀልም።»

«እታለም፣ ያረጀ ሽቦ እኮ ነው።»

«አንተም አርጅተሃል። ነቅዬ ጣልኩህ?»

ግድግዳ የተደገፈው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወንድሟም ሳይወድ ሳቀ። ባለ ጉንፋኗ አፍንጫዋን ጠራርጋ ቅሬታውን መዘገበች። «ያው ልጅ ተመልሶ መጥቶ ያየዋል። ነባር መስመር ነው ካለ ዝርጋታው ይሰረዛል። አዲስ ነው ካለ ግን… ይከፍላሉ።»

ነገሩ ሁሉ እንግዲህ ፈራሚዋ እንዳይቆም ባዘነችለት ልጅ እጅ ወደቀ።

ቴክኒሻኑ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ነው። ወንድሟ በሩን ይዞ ጠበቀው። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ተመለስክ?»

«ልቀቀው፤ ደጅ አይቆምም» አለች ከውስጥ።

ልጁ ገብቶ ቆብ ያላደረገ ራሱን አከከ። «እናቴ፣ የምንሞላበት ስልክ ላይ ያለው ‹አዲስ› እና ‹ጥገና› ብቻ ነው። እርስዎ አዲስ ደንበኛ ነዎት፤ አዲስ አልኩ። ሂሳብ ይከተለዋል ብዬ አላሰብኩም።»

አስቦ ይሁን ሳያስብ አልጠየቀችውም። «ና፣ ይሄን ቁም ሣጥን ያዝ» አለችው።

ለሦስት ገፉት። እህህ እያለ፣ ወለሉን እየፋቀ ተነቃነቀ። ያን ጊዜ እትዬ መጋረጃ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ከጥጉ እስከ ቁም ሣጥኑ ድረስ ያሉትን ቋጠሮዎች በየቀኑ ታያቸዋለች፤ ፀሐይ መጥጧቸው የአቧራ መልክ ይዘዋል፤ ቀይ እንደነበሩም ረስታው ነበር። ባልደረባዬ የምትለው ብርሃን ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ በራቁቱ መስኮት እየገባ ቀለማቸውን ሲበላ ኖሯል። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ግን አንድም ቀን አልደረሰም። እዚያ ያሉት ቋጠሮዎች ቀይ ናቸው። ደም የመሰለ፣ ትናንት የታሰረ የመሰለ ቀይ። ሰውዬው አሁን ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ ውሃ ሊጠጣ የሄደ ይመስላል።

ልጁ ተንበረከከና አንዱን ቋጠሮ ሳበው፤ ጠበቀ። ደግሞ ሳበው፤ ይበልጥ ጠበቀ። «ይሄ ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው? ማን ነው የሠራው?»

«ባልደረባህ» አለች።

ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ልጁ እየተንፏቀቀ ፎቶ አነሳ፤ ከደጅ እስከ ጥጉ፣ አንድም ሳይዘል። ቁም ሣጥኑ ሲገፋ የተበጠሰ አንድ ክር ነበር፤ ልጁ ከኪሱ የፕላስቲክ ማያያዣ ሲያወጣ እጁን ያዘችው። ቀይ ክር አመጣችና አጠገቡ ቁጭ አለች። «ሁለቴ አዙረው። በመሃሉ አሹልከው። አሁን ሳብ።» መጀመሪያ ተፈታበት፤ ወንድሟ ከላይ ሆኖ ቀለደበት፤ ቀጥሎ ያሰረው ግን ያዘ።

«ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለው» አለ ልጁ ስልኩን እያየ። «ማን ዘረጋው ልበል?»

የባሏን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ነገረችው።

«ቦታው አይበቃም እናቴ።»

«አጠጋግተህ ጻፈው።»

ጽፎ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ስልኩን ዘረጋላት። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እትዬ መጋረጃ ጣቷን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፤ ዛሬ ትቆማለህ» አለችና መነጽሯን ፍለጋ ሄደች። ከላይ ጀምራ ቀስ እያለች አነበበች። ስሙ ጋ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ከዚያ ፈረመች።

በተከታዩ ወር በመጣው ሂሳብ ዝርጋታው የለም። ማስጀመሪያውን ያለ ንግግር ከፈለች፤ ማስጀመሩንስ አስጀምረዋልና።

ቁም ሣጥኑ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ተገፋ፤ ቀዮቹ ቋጠሮዎች ገሃድ ወጡ። ወንድሟ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎራ ሲል መስኮቱ ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሎ አገኘና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እታለም! ከባልደረባሽ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«ምን ያጣላናል?» አለች ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ከሰዓት በኋላ እረፍት ሰጠሁት እንጂ።»