ጋሼ አስፋውን እስከ ኮረም ስንሸኝ

ከሰቆጣ መውጣት

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ከሰቆጣ ወጣን። የጉዟችን ምክንያት አንድ ነበር፤ ለከተማችን ቡድን አሥራ ሦስት ዓመት በተከላካይነት የተጫወተውን ጋሼ አስፋውን ለመሸኘት። ጋሼ አስፋው የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊ ነው። ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። አሁን ዝውውሩ ደርሶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊሄድ ነው። መኪና የሚገኘው ኮረም ስለሆነ፣ የኮረም ቡድንም ግጥሚያ ስለጠየቀን፣ ሁለቱን ጉዳይ አንድ ላይ አደረግነው፤ ቅዳሜ የመጨረሻ ጨዋታውን ይጫወታል፣ እሑድ ማለዳ አውቶቡስ ይሳፈራል።

በእኛ አገር እንግዳ ሆኖ መጥቶ ዘመድ ሆኖ የሚሄድ ሰው ከደጅ አይሰናበቱትም። ቢያንስ ወንዝ ያሻግሩታል። ለጋሼ አስፋው ግን ወንዝ ማሻገር አይበቃም ተባለና ከተጫዋቾቹ ጋር ሠላሳ ያህል ሰው ተነሣ። ስንቃችን በሶና የገብስ ቆሎ ነው። የጋሼ አስፋው ሳጥንና ፍራሽ በሁለት አህያ ተጫነ።

እኔ በገበያው ዳር ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ካሳ ናቸው፣ የቀረውን እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ በማንበብ ለቀምኩት። በዚህ ጉዞ የመሪጌታን በቅሎ የምስበው እኔ ነበርኩ። መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ኳስ አያዩም። ሆኖም ከቡድኑ ደጋፊዎች ሁሉ የሚቀድማቸው የለም። በየጨዋታው አጠገባቸው እቀመጥና የሆነውን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። በሌላው ጊዜ ብዙ የማልናገር ሰው ስሆን፣ በዚያች ሰዓት ብቻ አፌ አያርፍም።

መንገዱ መጀመሪያ በግራር መካከል ይወርዳል፤ ከዚያ ድንጋያማ ዳገት ይጀምራል። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል። ከፊት ከፊት የምትሄደው ወይዘሮ ለተብርሃን ናት። በትግራይ በኩል ተወልዳ ሰቆጣ ያገባች፣ ጠላ ሻጭ፣ ድምፅዋ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ሴት ናት።

ፀሐይ ከረር ሲል አውድማ ላይ እህል የሚያበራይ ገበሬ አገኘን። ብዛታችንን አይቶ በሬዎቹን አቆመ።

«ሠርገኞች ናችሁ?» አለን።

«አይደለም፣ ሸኚዎች ነን» አለችው ለተብርሃን።

ሰውየው ነጠላውን አደገደገ። «እግዜር ያጥናችሁ። ማነው የሞተው?»

«አፍህ ይቆረጥ! የምንሸኘው ይኸው፣ ከፊትህ ቆሞ ቆሎ ይቆረጥማል!»

ጋሼ አስፋው እየሳቀ በአገሩ ቋንቋ በኸምጣኛ ሰላም አለው። ገበሬው ቀረብ ብሎ ፊቱን አየው፣ ወዲያው የግራ እጁን ዘረጋ። ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ድረስ የቆየ የስፌት ጠባሳ አለበት። «ማጭድ በልቶኝ ይህን የሰፋኸው አንተ አይደለህም?» አለው። ቤቱ ገብቶ በቅል ነጭ ማር ይዞ መጣ። በሶውን በማሩ እያጠቀስን በላን። እኔም ሙያዬ ስፌት ስለሆነ ጠባሳውን ልብ ብዬ አየሁት፤ ስፌቱ እኩል እኩል ነው።

ዳገቱ ላይ

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዳገቱን ወጣን። አየሩ እየሳሳ፣ ጥዱ እየበዛ ሄደ፤ ከጥላው ሥር ያለው ሣር ላይ አመዳዩ እስከ ረፋድ አልቀለጠም። ከዳገቱ ጫፍ ዞር ብለን ስናይ የመጣንበት አገር ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቦ፣ መጨረሻው ሰማያዊ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። ጋሼ አስፋው እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ። ማንም አልጠራውም።

በመንገድ ላይ ከእኛ ጋር የተቀላቀለ አንድ ጨው ነጋዴ ነበር። ጋሼ አስፋው ኳስ ሲጫወት ባዶ እግሩን እንደሆነ ሲሰማ ገረመው። «የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ጫማ አጥቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ለተብርሃን መለሰችለት። «አጥቶማ አይደለም። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ጫማ ያለው እሱና አንድ አስተማሪ ብቻ ነበሩ። አስተማሪው የአንዱን ልጅ ጣት በጫማው ረግጦ ጨፈለቀው። አስፋው ጣቱን አሸገና ‹ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር የሚጫወት ጫማውን ያውልቅ› አለ። መጀመሪያ ያወለቀው እሱ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ!»

«እግሩ አይጎዳም?»

«እግሩማ ሰኮና ሆኗል! ድንጋይ ቢመታው የሚያለቅሰው ድንጋዩ ነው።»

በሜዳ ላይ «ቅጥሩ» የምንለው ግን ሰው ስለማያሳልፍ ነው። ሩጫው ፈጣን አይደለም። ግን ኳሷ ከመድረሷ በፊት የት እንደምትመጣ እግሩ የሚያውቅ ይመስላል፤ ቀድሞ እዚያ ቆሞ ይጠብቃታል።

ኮረም

ዓርብ ከቀትር በኋላ ኮረም ገባን። ከተማው በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ዋናው መንገድ ዳር ከደሴ የመጡ የጭነት መኪናዎች ተደርድረዋል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ጠጣን፤ ብርዱ ሁለተኛ ብርጭቆ ያስጠጣል። ማደሪያችን የአንድ ነጋዴ ሰፊ ግቢ ነው፣ ወለሉ ላይ ገለባ ተጎዝጉዞልናል። ጾም ስለሆነ ሽሮ በልተን እንዳበቃን ለተብርሃን ተነሥታ እጇን አጨበጨበች።

እኛ ደጋፊዎቹ ከገና በፊት የመከርነው ነገር ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ስለ እኛ ብሎ ጫማውን ያወለቀ ሰው ባዶ እግሩን ተጫውቶ ሊሄድብን አይገባም፣ በመጨረሻ ጨዋታው እኛ እናጫማው አልን። ከአሥመራ የሚመላለስ ሾፌር የእግሩ ቁጥር ተነግሮት ጥቁር ታኬታ፣ የኳስ ጫማ፣ አምጥቷል። አዲስ ነው፣ ቆዳው ያንጸባርቃል፣ ከሥሩ ጠንካራ የቆዳ ጉጦች በምስማር ተመትተውበታል። ጋሼ አስፋው ሲያየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

መሪጌታ ጫማውን ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን ጫኑበት። «ስለ እኛ ያወለቅኸውን እኛ አጫማንህ። እግርህን እንቅፋት አያግኘው፣ የሄድክበት አገር ይቀበልህ፣ የረገጥከው ይለምልም» ብለው መረቁ። ሁላችንም አሜን አልን። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የመረቀው ስጦታ አይመለስም፣ ወዲያ አይቀመጥም። ጋሼ አስፋው የመሪጌታን ጉልበት ስሞ ጫማውን ተቀበለ። በዚያች ሰዓት ከእኛ መካከል አንድ ሰው እንኳ ደስታ እንጂ ሌላ አላሰበም።

ጨዋታው

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞላ። ሜዳው የክረምት ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ የጠነከረ ነው። የኮረም ልጆች አብዛኞቹ የሸራ ጫማ አድርገዋል። የእኛ አሥር ሰዎች ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ ጋሼ አስፋው ብቻ ታኬታውን አድርጎ ወጣ። በደረቁ መሬት ላይ ሲራመድ ጫማው ቀጭ ቀጭ ይላል። እኛ አጨበጨብን። እኔም ለመሪጌታ «ጫማው አምሮበታል» አልኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ችግሩ ታየ። የኮረም ቀኝ አጥቂ ቀጭን ፈጣን ተማሪ ነው። ጋሼ አስፋው እንደ ልማዱ ቀድሞ ቦታው ላይ ይደርሳል፣ መዞር ሲፈልግ ግን እግሩ ይንሸራተታል። ኳሷን ሲመታም ወዳላሰበው ትሄዳለች። በአንዱ ጊዜ ልጁ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጋሼ አስፋው አብሮት ሊታጠፍ ሞከረና በጎኑ ወደቀ። ኳሷ ገባች።

«ቅጥሩ ፈረሰ!» እያሉ የኮረም ሰዎች ዘለሉ። «ሽማግሌውን ደብረ ማርቆስ ላኩት!»

«የእናንተን ልጅ ከቅጥሩ ሥር ስትለቅሙት እናያለን!» ብላ ለተብርሃን መለሰች። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልሞላም።

መሪጌታ ክንዴን ያዙ። «ምን ሆነ?»

«ገባብን።»

«በማን በኩል?»

«በጋሼ አስፋው በኩል። አዳለጠው።»

«ሜዳው ረጥቧል?»

«ደረቅ ነው።»

«በደረቅ ሜዳ አስፋው ያዳልጠዋል?»

ወደ ለተብርሃን ዞርኩ። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ ያዩትን አይተዋል፣ ግን ማንም አልተናገረም። የተመረቀውን ጫማ አውልቅ ማለት የመሪጌታን ምርቃት መመለስ ነው። ለተብርሃን እያየችኝ ራስዋን ነቀነቀች፤ እንዳትነግራቸው ማለቷ ነው። በሜዳው ላይ ጋሼ አስፋው በፍም ላይ እንደሚሄድ ሰው እየረገጠ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሠራው ስም በአንድ ከሰዓት፣ በሰው ሳቅ፣ በእኛው ስጦታ ሊያልቅ ነው። ይህን ይዞ አውቶቡስ ሊገባ ነው።

«ልጄ፣ አንተን ከጎኔ ያስቀመጥኩት ዓይን እንድትሆነኝ ነው» አሉኝ መሪጌታ። «ዓይን ያየውን ይሸሽጋል?»

«መሪጌታ፣ ጫማው ነው» አልኳቸው። «አልለመደውም። ጉጦቹ መሬቱን አይይዙም። እግሩንም ሳይልጠው አልቀረም።»

«ታዲያ ለምን አያወልቀውም?»

«እርስዎ ስለመረቁት።»

ለዕረፍት ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ክንዴን አልለቀቁም። ሲነፋ «አንሣኝ» አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ሜዳውን አቋረጥን። ጋሼ አስፋው ሲያያቸው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ጫማው ጥሩ ነው፣ መሪጌታ። የደከምኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ሳይጠየቅ።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ፈለጉትና ተረከዙን ዳሰሱ። ጣታቸውን አነሡ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ላብ ነው።»

«ድሬሰር ሆነህ ደምና ላብ አትለይም?»

ተጫዋቾቹ ሳቅ አመለጣቸው። መሪጌታ መሬቱ ላይ ተቀመጡና የጫማውን ክር መፍታት ጀመሩ። ጋሼ አስፋው ደነገጠ። «ኧረ በስመ አብ! እርስዎማ አይፈቱልኝም!»

«ያሰርኩብህ እኔ ነኝ፣ የምፈታልህም እኔ ነኝ። እግርህን አምጣ።» ክሩን በዳበሳ እየፈቱ ቀጠሉ። «እኔ የመረቅሁት እግርህን ነው እንጂ ቆዳውን አይደለም። ጫማው ያንተ ነው፣ አገርህ ስትገባ አድርገው። ዛሬ ግን እንደምታውቀው ሆነህ ተጫወት።»

በሁለተኛው አጋማሽ ጋሼ አስፋው ባዶ እግሩን ወጣ። መጀመሪያ ያነክስ ነበር፣ ከዚያ ተወው። ቀጭኑ ተማሪ ሲመጣ ጋሼ አስፋው ቀድሞ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፤ ኳሷን ከእግሩ ሥር ነጥቆ ለጓደኛው ያቀብላል። ለተብርሃን በትግርኛዋ «አጆኻ! አጆኻ!»፣ አይዞህ፣ እያለች ድምፅዋ እስኪዘጋ አበረታታችው። እኔ ለመሪጌታ እነግራለሁ፤ «መጣ፣ ቆመለት፣ ወሰደበት፣ አቀበለ።» እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በኋላ ኮረሞችም ማጨብጨብ ጀመሩ።

ጎሉን አልመለስነውም። አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ ተማሪው መጥቶ የጋሼ አስፋውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ «ጋሼ፣ ከዕረፍት በኋላ የወጡት ወንድምዎ ናቸው እንዴ?» አለው። ጋሼ አስፋው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሳቀ።

ከዚያ ከመድኃኒት ከረጢቱ አዮዲንና ፋሻ አውጥቶ ተረከዙን ሊያሽግ ተቀመጠ። ለተብርሃን ፋሻውን ቀማችው። «አሥራ ሦስት ዓመት የእኛን ስታሽግ ኖርክ። ዛሬ እጅህን ሰብስብ» አለችው። አጠማዘዘችው፣ ፋሻው ተንሸራተተ።

«ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሪ፣ ጠበቅ አድርጊው» አላት።

«በሽተኛ አይናገርም!»

ከእኛ መካከል እሱ ያላሸገለት ሰው አልነበረም። ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን፣ ፋሻው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲል እያየን፣ አንዳንዶቻችን ፊታችንን አዞርን።

ስንብትና መመለስ

እሑድ ሲነጋጋ አውቶቡሱ መጣ። ሳጥኑና ፍራሹ ጣሪያ ላይ ተጫነ። ጋሼ አስፋው አንድ በአንድ ስሞን፣ መሪጌታ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ሁለቱ የተባባሉትን አልሰማሁም። አውቶቡሱ ቁልቁል ሲታጠፍ በመስኮቱ እጁን አወጣ። ከቅዳሴ በኋላ እኛም ወደ መጣንበት ዞርን።

በመንገዱ ብዙ አሰብኩ። ማመስገን የሚከብደው ሲሰጡ አይደለም፤ የሰጡት እንዴት እንደሆነ ለመስማት ፈቃደኛ ሲሆኑ ነው። ይህን ያስተማሩኝ አንድ የማያዩ ሽማግሌ ናቸው። እኔም በዚያ ሜዳ ዝም ብል ኖሮ ጋሼ አስፋውን ያጣነው ከአውቶቡሱ ቀድመን ነበር።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ሰቆጣ ደረስን። ከከተማው መግቢያ ብዙ ሰው ይጠብቀን ነበር። «ስንት ለስንት?» ብለው ጮኹ። ተጫዋቾቹ መሬት መሬቱን አዩ።

«አንድ ለባዶ ተሸንፈናል» አልኩ። «ከዕረፍት በኋላ ግን ጋሼ አስፋውን ያለፈው የለም።»

«ከዕረፍት በፊትስ?» አለ አንዱ።

ወደ መሪጌታ ዞርኩ። በበቅሎዋ ላይ እንዳሉ ወደ ድምፁ ፊታቸውን መልሰው ነበር።

«ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገራቸው» አሉኝ። «ጫማውንም፣ የመረቅሁትንም። አንዲት አታስቀር።»