ከተቆለፈው ክፍል የመጣ ሳል

ዛሬ የሕንፃ አስተዳደር አማካሪ እባላለሁ። ባለፎቆቹ ይጠሩኛል፤ እኔም ከረባቴን አስተካክዬ እመክራለሁ። አንድ ነገሬ ግን ይገርማቸዋል፤ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ክፍል ሳላንኳኳ አልገባም። "ምን ነካህ?" ይሉኛል። የነካኝማ የመርካቶው ሰባተኛ ሰፈር ነው።

ሥራውን የጀመርኩት በደርግ ጊዜ፣ የተወረሱ ቤቶችን በመቆጣጠር ነው። በየወሩ መርካቶን እየዞርኩ ተከራዩ በቤቱ መኖሩን አያለሁ። ከሌለ በሩ ይታሸጋል፣ ቤቱም ለሌላ ይሰጣል። አለቀ።

ሰባተኛ፣ ከበርበሬ መጋዘኖቹ ጀርባ አንድ ግቢ ነበር። ድሮ ግቢው በሙሉ የአንዲት እናት ነበር፤ ከአዋጁ ወዲህ የቀረችላቸው አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ቀጥሎ ያለችውን ልጃቸው ይኖርባታል፤ የገዛ እናቱን ቤት ከመንግሥት ተከራይቶ፣ ጉድ እኮ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ላይ አንስተው ወሰዱት ይባላል። ይባላል እንጂ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም።

እኔ በሄድኩ ቁጥር ግን ኮንጎ ጫማው ደጃፉ ላይ አለ፣ እርጥብ ሆኖ። "አሁን እግሩን ታጥቦ ገባ። ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው የኔ ልጅ" ይሉኛል እናትየው። ውሃውን ራሳቸው እንደሚያፈሱበት ጠፍቶኝ አይደለም። አንጀቴን ስለበሉት "አለ" ብዬ እመዘግባለሁ። ክፍሏ ከታሸገች ልጁ ሲመለስ የት ይገባል? ጭንቀታቸው ይኸው ነበር።

ውሎ አድሮ አለቃዬ ጠረጠረ። "ሰውየውን በዓይንህ እየው፤ ካጣኸው አሽገህ ና" አለኝ። ረፋድ ላይ ሄድኩ። እናትየው ውሃ ሊቀዱ ወጥተዋል፤ ጫማው ደረቅ ነው። አንኳኳሁ።

ከውስጥ ሰው ሳለ። እንዳይሰማበት አፉን በእጁ አፍኖ የሚስል ሰው ሳል ነው። ወደ ታች ባይ ጓጉንቸሩ ከውጭ ተቆልፏል። ፈራሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ቆይቼ ግን ደብቀውት ነው ብዬ አሰብኩና ደስ አለኝ።

እናትየው ባልዲያቸውን ይዘው ሲገቡ ጠጋ ብዬ "አይስጉ እትዬ፣ ሲስል ሰምቼዋለሁ። ለማንም አልናገርም" አልኳቸው።

ባልዲውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው በሩን ከፈቱ። አልጋው ተነጥፏል፣ የስፌት መኪናው አቧራ ለብሷል። ማንም የለም። ክፍሏ መስኮት እንኳ የላትም።

"እንዴት አድርጎ ሳለ?" አሉኝ።

"አፍኖ።"

"እሱ ነው" አሉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። "ከልጅነቱም እንዲያ ነው።"

ለአለቃዬ "ተከራዩ አለ" አልኩት። እናትየውም ከዚያ ወዲያ ጫማውን ማራስ ተዉ። በሄድኩ ቁጥር ግን እጄን ይዘው "ዛሬስ ሰማኸው?" ይሉኛል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ፤ ምንም የለም።

"ሰማሁ፣ እትዬ" እላለሁ።

ይመርቁኛል። የመጀመሪያውን ግን፣ ማርያምን፣ ሰምቻለሁ።