ለነገ ምሳ ቦታው ተይዟል

ልጅ እያለሁ መካነ ሰላም ውስጥ ስልክ ማንሳት እንደ ዜማ የሚጠና ነገር ነበር። እናቴ ሙሉ ትባላለች፤ ምግብ ቤት ነበራት፤ በከተማችን ከነበሩት ጥቂት ስልኮች አንዱ የእኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። መነጋገሪያው የስንቱን ትንፋሽ ጠጥቶ ትንባሆ ትንባሆ፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። መንገደኛ ከደሴ ወይም ከአቀስታ ደውሎ ምሳ ሲያዝ የማነሳው እኔ ነበርኩ፤ የእናቴ እጅ ሁልጊዜ ሊጥ ወይም ሽንኩርት አያጣውምና።

ሥርዓቱን ያስተማረችኝ እሷው ናት። መጀመሪያ የእግዜር ሰላምታ፣ ቀጥሎ የቤተሰብ ደህንነት። ከዚያ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ፆመኛ እንዳለ፣ ሥጋው የክርስቲያን ይሁን የእስላም ይጠየቃል፤ በእኛ አገር ሁለቱም አንድ ቤት ስለሚቀመጡ ይህን ሳይጠይቁ መቀበል ነውር ነው። በመጨረሻ የተባለውን ሁሉ ጮክ ብሎ መድገም። "የሰው አፍ ያዘዘውን ያንቺ አፍ ካልደገመው ነገ ጠብ ይሆናል" ትለኝ ነበር። አንዴ ቦታው ተይዟል ከተባለ ደግሞ ማንም ቢመጣ አይነካም።

ይህ የምነግራችሁ የሆነበት ዓመት ግን፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ወሎ የተራበበት ነበር። ከቆላውም ከከላላ በኩልም ቀያቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች አጥራችን ሥር ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይለምኑ ነበር፤ በኋላ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከልመናቸው ይልቅ ያስፈራኝ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው የማልፋቸው። እናቴ የተራረፈውን ታወጣላቸዋለች፤ ግን ገበያው ስለቀዘቀዘ የሚተርፈውም አንሶ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ከደሴ ነው። ሰውየው ሰላምታዬን አልመለሰም። ነገ ከላይ የሚመጡ ትልልቅ እንግዶች ስላሉ ቤቱ በሙሉ እንዲያዝላቸው፣ ሙክት እንዲታረድ፣ ጠጅ እንዲዘጋጅ አዘዘ። እንደተማርኩት እየጮኽኩ ደገምኩለት። አንድ ነገር ጨመረ። ትርጉሙ ሳይገባኝ ያንንም እንደ ክፍል ንባብ ደገምኩት፤ "አጥሩ ሥር ያሉት ሰዎች በጠዋት ይነሡ፤ እንግዶቹ እንዳያዩአቸው።"

እህል ነጋዴው ጎረቤታችን ጋሽ ሁሴን ምሳ እየበሉ ነበር፤ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት። በሩ ክፍት ስለነበር አጥሩ ሥር ያሉትም ሰምተዋል። ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት ለመነሣት እጇን መሬት ላይ ስትደገፍ አየኋት።

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መነጋገሪያውን ተቀበለችኝ። እንደምን ዋሉ አለች፤ ቤተሰቡን ጠየቀች። ከዚያ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ለነገ ምሳ ቦታው ተይዟል" አለች። ማን እንደያዘው ሲጠይቃት፣ "ቀድመው የመጡ እንግዶች አሉኝ" አለችው። የሰውየው ቁጣ እኔ ከቆምኩበት ድረስ ይሰማ ነበር። እሱ እስኪዘጋ ጠበቀች፤ እኛ ቤት ቀድሞ መዝጋት አልተለመደም።

ወዲያው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሁሴን ተነሥተው፣ "አብሽሪ ሙሉ፤ ቃል ወጥቷል፤ እንግዲህ አብረን እናስተናግዳቸዋለን" አሏት። ከመደብራቸው ባቄላና ገብስ አስመጡ።

በማግስቱ ጠረጴዛዎቹ ላይ የበዓል ጨርቅ አነጠፍን። እናቴ የተራበ አንጀት በአንዴ አይሞላም ብላ መጀመሪያ ቀጭን አጥሚት በኩባያ አቀረበች። ሰዎቹ መግባት አፈሩ። ያችን ሴት ክንዷን ይዤ ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፤ ክንዷ እንደ ጭራሮ ቀለለኝ። ገና እየጠጡ ሳሉ የመኪና ድምፅ መጣ። ከላይ የመጡት እንግዶች ነበሩ፤ ካፖርት የለበሰ ሰው በሩ ላይ ቆመ፤ ከኋላው ሌሎች አንገታቸውን አሰገጉ። ኩባያ የያዙት እጆች ሁሉ ባሉበት ቀሩ። እናቴ እጅ ነሥታ፣ "ትናንት በስልክ ተናግሬ ነበር፣ ጌታዬ" አለች። ሰውየው በየጠረጴዛው ያሉትን ፊቶች ተመለከተ። እንዳያይ የተፈለገውን ሁሉ አይቶ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መለዮ ለባሾች መጥተው እናቴን ወሰዷት። ምግብ ቤቱ ታሸገ፤ እኔም ጋሽ ሁሴን ቤት ሰነበትኩ። ስትፈታ ከስታ ነበር፤ ስልኩንም ነቅለው ወስደውታል። ጥቂት ቆይቶ መንግሥት ተለወጠ፤ ቤታችን ተከፈተ፤ ስልኩ ግን አልተመለሰልንም። ከእነዚያ እንግዶች ብዙዎቹ እርዳታ ሳይደርስላቸው አልቀዋል። ሴትዮዋ ግን ተርፋ፣ ልጇን አዝላ ወደ አገሯ ስትመለስ የእናቴን እጅ ስማ ሄደች።

ካደግኩ በኋላ እናቴን ያን ቀን ፈርታ እንደነበር ጠየቅኳት። "ፈርቼ ነበር እንጂ። ሰውየው ለእኔ ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ እሺ እለው ነበር ይሆናል። አንቺ ስትጮኺ ግን እነሱ ሰሙ" አለችኝ።

ዛሬ መካነ ሰላም ሆቴሉ በዝቷል፤ ስልክም በየኪሱ ነው። ልጄ ምሳ ስታስይዝ የሰዉን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፋ ትልካለች፤ መልሱም ድምፅ ሳያሰማ ይመጣላታል። ፈጣን ነው፤ አልጠላሁትም። እኔ ግን አሁንም እደውላለሁ። ያነሣችውን ልጅ እንዴት ዋልሽ፣ እናትሽ ደህና ናት ወይ እላታለሁ። አንዳንዷ ግራ ይገባታል። አንዳንዷ ደግሞ ድምጿ ለስለስ ይልና፣ "ደህና ናት እማማ፤ እርስዎስ?" ትለኛለች። ያን ጊዜ ለምሳው ስንት ሰው እንደምንሆን መንገሩ ይጠፋብኛል።