ወይን ጠጅ ወይስ ሮዝ

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ኦሎምፒያ አጠገብ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ በተከፈተ የግል የነርሶች ትምህርት ቤት ማይክሮባዮሎጂ አስተምር ነበር። ዶክትሬት ይዤ ከውጭ ተመልሼ የደረስኩበት ቦታ ያ ነው። መቀመጥ አልችልም ነበር። ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እመላለሳለሁ፤ ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ አውሮፕላን ድምፄን ሲውጠው የጀመርኩትን ሳልጨርስ ሌላ እጀምራለሁ። ተማሪዎቹ ትጋት ይሉት ነበር። ትጋት አልነበረም። መሄድ እፈልግ ነበር፤ ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ለነርስ ተማሪ መጀመሪያ ከሚሰጡት የተግባር ትምህርቶች አንዱ የግራም ቀለም ነው። ባክቴሪያው በስላይድ ላይ ከደረቀ በኋላ ወይን ጠጅ ቀለም ይፈስስበታል፤ አዮዲን ይከተላል፤ ከዚያ በአልኮል ይታጠባል፤ በመጨረሻ ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ባክቴሪያ ወይን ጠጁን አይለቅም፤ ግራም ፖዘቲቭ ይባላል። ግድግዳው ስስ የሆነው በአልኮሉ ታጥቦ ቀዩን ይቀበላል፤ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ግራም ኔጌቲቭ ነው። በሽተኛው የትኛውን መድኃኒት እንደሚያገኝ መወሰን የሚጀመረው ከዚህ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ደግሞ አልኮሉ ነው።

ለፈተና አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢ ኮላይ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱ ራሱ ቀብቶ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ያየውን ቀለም እንዲጽፍ አዘዝኩ። መጽሐፉ ሮዝ ይላል። ክፍሉ በሙሉ ሮዝ ብሎ ጻፈ። አንዲት ሴት ብቻ «ወይን ጠጅ፤ ግራም ፖዘቲቭ» አለች።

ይህች ሴት በዕድሜ ከሁሉም ትበልጣለች። ልጆቿን ለእናቷ ትታ ከጎሮ ጭቃ ለጭቃ በእግሯ እስከ አስፋልቱ እየወጣች ነበር የምትማረው። የተግባር ፈተናውን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ በደንቡ መሠረት ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል።

ውጤቱ ገና ሳይለጠፍ ወሬው ኮሪደር ላይ ደርሶ ነበር።

«እትዬ፣ ኢ ኮላይን ፖዘቲቭ አደረግሽው አሉ! አዲስ ባክቴሪያ አገኘሽ ማለት ነዋ!»

«ሸምድጂው ብለናት ነበር እኮ።»

«እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለች።

«ማን እዪ አለሽ?»

ሳቁ እስከ ደረጃው ተሰማ። እኔ ተመልሼ ስላይዶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ወይን ጠጅ ነበሩ። ከአልኮሉ ጠርሙስ ጥቂት በሳህን አፍስሼ ክብሪት ጫርኩበት። ክብሪቱ ጠፋ። ከሞላ ጎደል ውኃ ነበር።

ወደ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ቢሮ ወጣሁ።

«ዶክተር፣ ይቀመጡ እንጂ።»

አልተቀመጥኩም። የሆነውን ነገርኩት።

«አልኮል ተወዷል፤ ትንሽ ቀላቅለውበት ይሆናል» አለ። «ለመሆኑ ልጆቹ መልሱን አላገኙትም?»

«አላዩትም።»

«አገኙት አይደል ታዲያ?»

«ያየችው አንዲት ናት። መውደቅ የሚገባቸው ሌሎቹ ናቸው።»

«ክፍሉን በሙሉ ጥለን አንዲት ሴት እናሳልፍ? የልጆቹ ወላጆች ነገ እዚህ በር ላይ ቢሰለፉ እርስዎ ነዎት የሚያነጋግሯቸው?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ያገኘሁት ይህ ብቻ ነበር፦ ፈተናው ለሁሉም ይደገማል፤ አልኮሉን እኔው ከፋርማሲ ገዝቼ አመጣለሁ። ሴትየዋን ጠርቼ ጥፋቱ የጠርሙሱ እንጂ የእሷ እንዳልነበረ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ፈተናው በተደገመ ቀን መብራት ስለጠፋ ብርሃን ወደ ሌንሱ የሚልከውን የማይክሮስኮፑን መስተዋት ወደ መስኮቱ አዙሬ በቀን ብርሃን አስነበብኳቸው። አልኮሉ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ስላይዱ መጽሐፉ እንደሚለው ሮዝ ሆነ። አሁን ያየና ያላየ አንድ ዓይነት መልስ ይጽፋል፤ ማን እንዳየ መለየት አልችልም። ይህ እያንገበገበኝ በወንበሮቹ መካከል ስዞር አረፈድኩ።

ከእሷ በፊት የተፈተነው ወጣት ሲነሣ ጠረጴዛውን በጉልበቱ ገፋው። እሷ ተቀመጠች፤ ጎንበስ አለች፤ ምንም ሳትነካ ጥቂት ቆየች፤ ጽፋ ተነሣች። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስተዋቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ በሌንሱ ውስጥ ድፍን ጨለማ ነው።

ወረቀቷ ላይ «ሮዝ፤ ግራም ኔጌቲቭ» ይላል።

«አየሽው?» አልኳት፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ በዝግታ።

«አሁን ገብቶኛል፣ ቲቸር» አለችኝ።

መልሱ ትክክል ስለነበረ አለፈች። መስተዋቱን ወደ ብርሃኑ መልሼ ቀጣዩን ተማሪ ጠራሁ።